እርሾዋን ያስታመመው አህያ

ተረት ተረት ስላችሁ «የጋን ሥር ቅሪት» በሉኝ። አላችሁ? እንግዲያው ስሙ።

ድሮ፣ አህያና ማሰሮ ከሰው እኩል በሚያወሩበት ዘመን፣ እትዬ ዘውድነሽ የሚባሉ ጠላ ጠማቂ ነበሩ። ጠላው አልቆ ጋኑ ሲታጠብ፣ ሥሩ ከቀረው አተላ አንድ ጭልፋ ለእርሾ ቀንሰው በማሰሮ ያስቀምጣሉ። የተረፈውን ለአህያቸው ለቡላ ይደፉለታል። የሚቀጥለው ጠላ ዘሩ ያቺው አንድ ጭልፋ ናት።

ልጃቸው ትርንጎ ልትዳር ሦስት ሳምንት ቀራት። እርሾዋ ከሞተች ጠላ የለም፤ ሠርገኛው ውሃ ጠጥቶ፣ እትዬ ዘውድነሽን አምቶ ይሄዳል።

ቡላ ግን ዓይኑ ያረፈው እዚያችው ጭልፋ ላይ ነው። «ከሞተች ትደፋለች፤ ከተደፋች የእኔ ናት» አለ በሆዱ። ሆዳም ነዋ።

አንድ ቀን ጆሮውን ማሰሮው ላይ ለጥፎ ራሱን ነቀነቀ።

«እመቤቴ፣ እርሾዋ ታማለች። ብርድ መቷታል።»

እትዬ ዘውድነሽ አመኑት። ለስንት ሠርግ ውሃ የተሸከመ አህያ ስለ ጠላ አያውቅም አይባልማ። ማሰሮውን ጋቢ አልብሰው ምድጃ ጥግ አስጠጉት።

«እትዬ፣ ተቀቀልኩ እኮ» አለች እርሾዋ።

«ትኩሳቱ ነው የሚያስቀባዥራት» አለ ቡላ።

በሁለተኛው ቀን መጣ። ጆሮውን ለጠፈ፣ ራሱን ነቀነቀ።

«እመቤቴ፣ አናቷ ደርቋል። ቅቤ ይቀቧት።»

እትዬ ዘውድነሽ ለጋ ቅቤ አምጥተው አናቷ ላይ ለደፉባት።

«እትዬ፣ እኔ ፀጉር የለኝም» አለች እርሾዋ።

«አዩ አይደል፣ ረግፏል» አለ ቡላ።

በሦስተኛው ቀን መጣ። ጆሮውን ለጠፈ፣ ራሱን ነቀነቀ።

«እመቤቴ፣ የሰው ዓይን ገብቶባታል። አፏን በጭቃ ይምረጉላት።»

ከድነው መረጉ። ጥቂት ቆይቶ ማሰሮው «እመቤቴ፣ ሆዴ ተነፋ፤ ልፈነዳ ነው» አለ።

«ማሰሮ ሁልጊዜ ያጋንናል» አለ ቡላ።

ወዲያው ክዳኑ ተፈናጥሮ የቡላን ግንባር መታው። እርሾዋ በማሰሮው አፍ ግንፍል ብላ ዝም አለች። ቡላ ግንባሩን እንኳ ሳያሽ «ነፍስ ይማር» አለና መመገቢያ ገንዳውን በአፍንጫው እየገፋ መጣ።

እትዬ ዘውድነሽ ገንዳውን ሲያዩ ነገሩ ገባቸው። በአህያ ምክር ልጃቸውን ሊያዋርዱ ነበርና አለቀሱ። ከዚያ እስካሁን ያልጠየቁትን ጠየቁ።

«አንቺ ራስሽ ምን ላድርግልሽ?»

እርሾዋ በቀጭን ድምፅ መለሰች። «ማሰሮዬን በግራዋ ቅጠል አጥበው ያጥኑልኝ። ከምድጃ አርቀው ቀዝቀዝ ያለ ጥግ ያኑሩኝ። ክዳኔን ላላ ያድርጉት፣ እተነፍሳለሁ። ትንሽ የብቅል ውሃ ይስጡኝ። ደግሞ ሥራ አያስፈቱኝ፤ ብዙ ከተቀመጥኩ እኮመጥጣለሁ።»

እንዳለችው አደረጉ። በሦስተኛው ቀን ትስ ትስ ማለት ጀመረች። ተጠነሰሰ፣ ተጠመቀ፣ ትርንጎም ተዳረች። ሠርገኛው ጠጥቶ ሲጨፍር አጥር ጣለ።

ጋኑ ሲታጠብ አንድ ጭልፋ ተቀነሰና የተረፈው አተላ ለቡላ ተገለበጠለት፤ ገንዳው ሞልቶ ፈሰሰ። ቡላ አቀርቅሮ ቆመ፣ መብላት አፈረ።

«ብላ እንጂ» አለችው እርሾዋ ከማሰሮዋ። «ያኔ ብትበላኝ አንዲት ጉርሻ ነበርኩ። በሕይወት ስኖር ግን በየጠላው ገንዳ ሙሉ አተርፍልሃለሁ። ለመሆኑ ልትገድል የነበረው ማንን ነው?»

ቡላ አፉን ገንዳው ውስጥ ከተተ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የጓዳው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃታል፤ እርሾዋ እንዳትረበሽ ድመትን እንኳ ኮቴዋን ሳታሰማ ካልሆነ አያሳልፍም።

ተረቴን መልሱ፣ ጉሮሮዬን በጠላ አርሱ። ለዛሬ ጭልፋ ብሎ ዘሩን የበላ፣ ለከርሞ አያገኝም አተላ።