በፀሐዩ ፀ ሞክሪ

አንዲት እናት ነበረች፤ ከአንድ ልጇ በቀር ሰው የላትም። ልጅቷ ለመውለድ ከተማ ሆስፒታል ከገባች ወዲህ ስልኳ ተዘግቶ ሁለት ቀን ሆኗል። የእናት ልብ ሁለት ቀን ሙሉ መልካም ነገር አይነግራትም። አራት ሰዓት በአውቶቡስ ተጉዛ፣ የሆስፒታሉ መዝገብ ክፍል መስኮት ላይ ቆመች።

«ማንን ልፈልግልዎ፣ እማማ?» አለቻት መዝጋቢዋ።

«ዓለምፀሐይ ይርዳው።»

መዝጋቢዋ ኮምፒዩተሩ ላይ «አለምጸሀይ» ብላ ጻፈች። «የለችም» አለች፣ ቀና እንኳ ሳትል።

የለችም! ወገኖቼ፣ ይህን ቃል ታውቁታላችሁ። እዚህ አይደለችም ማለት ነው፤ ሞታለች ማለትም ነው። ያቺ እናት የትኛውን የሰማች ይመስላችኋል?

መልሳ አልጠየቀችም፤ ፈራች። አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ሰው በፊቷ ይመላለሳል፤ «ምነው?» ያላት የለም። አልጮኸችም። ከማን ጋር ትጩህ? ለቅሶ እንኳ አጃቢ ይፈልጋል።

ከሰዓት በኋላ ዘበኛው ጋሽ መንበሩ የተዘቀዘቀውን ነጠላ አዩ። «እናቴ፣ ማን ሞተብዎ?»

«ልጄ፣ ዓለምፀሐይ። እዚያ መስኮት ላይ ነገሩኝ።»

ወደ መስኮቱ ሄዱ። «የኔ ልጅ፣ በየትኛው ጸ ነው የጻፍሻት? በጸሎቱ ነው በፀሐዩ?»

መዝጋቢዋ ሳቀች። «ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ የቆሎ ተማሪ ሊያደርጉኝ ነው?»

«በፀሐዩ ፀ ሞክሪ። አውን በዐይኑ፣ ሀውንም በሐመሩ።»

ጻፈች። ሳቋ ቆመ። «ማዋለጃ ክፍል፣ አልጋ ሰባት። ወንድ ልጅ ተገላግላለች።»

የልጅቷ ስልክ ባትሪ ጨርሶ ነበር፤ እሷ ግን ምንም አልሆነችም። ስትገባ የተቀበለቻት ነርስ በራሷ ስልክ ስትመዘግባት በአንዱ ፊደል ጻፈች፤ መዝጋቢዋ በኮምፒዩተር ስትፈልጋት በሌላው። ለጆሯችን ጸ እና ፀ አንድ ናቸው። በማሽን ውስጥ ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ ካልገጠመ «የለም» ይላል። አልዋሸም። ፕሮግራሙን የሠሩት ሰዎች ሁለቱ አንድ መሆናቸውን አልነገሩት፤ ከየት ያምጣው?

እናንተስ? እናንተ ማሽን አይደላችሁም። ስንቱን ሰው በራሳችሁ ፊደል ብቻ ፈልጋችሁ «የለም» ብላችኋል? ጎረቤታችሁ በለመዳችሁት ሰላምታ ስላልመለሰች። ልጃችሁ በጠበቃችሁት ሰዓት ስላልደወለ። እናቶች ሆይ፣ አንድ ጊዜ «የለችም» ሲሏችሁ ስንቴ ነጠላ አዘቅዝቃችኋል?

እግዚአብሔር ስማችንን በየትኛውም ፊደል ያነበዋል። እኛ ግን ሰውን በአንዲት ፊደል የተነሳ አግዳሚ ላይ እናስቀምጣለን።

ዛሬ ስትወጡ ብቻዋን የተቀመጠች አንዲት ሴት አታጡም። አትለፏት። ስሟን ጠይቋት። እንዴት እንደሚጻፍም ጠይቋት።