መተንፈሻ ያጣ ቤት

ልጆቼ፣ ፊታውራሪ ጓንጉል የሚባሉ ብርድ ፈሪ፣ ወሬ የማይጠግቡ ሰው ነበሩ። ያባታቸው አሮጌ የጭቃ ቤት እንዲሞቅላቸው አንዲት ግድግዳ መራጊ አስጠሩና፣ «ከጣሪያው ሥር ያለውን ክፍተት ሁሉ በጭድና በጭቃ ድፈኚው፤ ግድግዳውንም ከውስጥ ቁርበት አልብሺው» አሏት።

«ጌታዬ፣ ቤት መተንፈሻ ካጣ ይበሰብሳል፤ ትንሽ ቀዳዳ ልተውለት» ብትላቸው፣ «ግድግዳ አፍንጫ አለው እንዴ፣ አንቺ ደንቆሮ?» ብለው ሳቁባት። ምን ታድርግ፣ ደፈነችው።

እሳቸውም በራቸውን ዘግተው፣ ጠዋት ማታ ስለ ራሳቸው ጀግንነት ሲያወሩ ከረሙ። በሦስተኛው ወር ቁርበቱ ሻገተ፣ ግድግዳውም ውሃ ያንጠባጥብ ጀመር። ጥፋቱን በማን ያላክኩ? በሷ ነዋ። ሽማግሌ እዚያው ቤታቸው ሰብስበው፣ «ከመስከረም ወዲህ ጠብ ያለ ዝናብ የለም። ይህ ውሃ ከየት እንደመጣ ካልነገርሽኝ፣ ያለችሽን አንዲት ላም እወስዳለሁ» አሏት።

የልጆቿ ጉሮሮ የሚርሰው በዚያች ላም ነው፤ ቢሆንም ቀና ብላ መለሰችላቸው።

«ጌታዬ፣ ውሃው የእርስዎ ትንፋሽ ነው። እኛ እንኳ እርስዎ ሲያወሩ ሲጨንቀን፣ ደጅ ወጣ ብለን ነፋስ እንቀበላለን። ይህ ምስኪን ግድግዳ ግን መውጫ የለው፣ ሦስት ወር ሙሉ ሲሰማዎት ከርሞ አላበው።»

ሽማግሌዎቹ በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፍነው፣ ላሟ አትነካም ብለው ፈረዱ። ፊታውራሪም ሊመልሱላት አፋቸውን ከፈቱ፤ ግድግዳውን አዩና መልሰው ዘጉት።