ከቆዳው ጀርባ የተቀመጠው ሰፊ

ማክሰኞ ማክሰኞ ገበያ በሚቆምባት አንዲት አሮጌ ከተማ ሐጂ ጀውሃር የሚባሉ ኮርቻ ነጋዴ ይኖሩ ነበር። ታሪኩን የነገሩኝ ሸህ የከተማዋን ስም አላነሱልኝም፤ እኔም አልጠየቅኳቸውም። ሐጂ አምስቱን ወቅት መስጊድ ሄደው በጀመዓ የሚሰግዱ፣ ዘካቸውን ሳይጠየቁ የሚያወጡ፣ እንከን ያለበትን ዕቃ እንከኑን አሳይተው የሚሸጡ ሰው ነበሩ። ነጋዴዎች ሲጣሉ «ሐጂ ይፍረዱን» ይባባላሉ።

በሱቃቸው ሦስት ሰፊዎች ይሠሩ ነበር። ሁለቱ ብርሃን በሚያገኙበት በበረንዳው ላይ ተቀምጠው ይሰፋሉ። ሦስተኛው ዘይኑ ነው። የዘይኑ አባትና አያት ቆዳ ፋቂዎች ነበሩ፤ በዚያ አገር ደግሞ ከፋቂ ዘር ጋር ማዕድ የሚቆርስ የለም፤ ዓይኑም ይፈራል። ስለዚህ ዘይኑ ገዢ እንዳያየው ከጓዳ፣ ከተሰቀለው ቆዳ ጀርባ ተቀምጦ ይሰፋ ነበር። እጁ ከሁለቱ ይበልጣል፤ የሚከፈለው ግን የእነሱን ግማሽ ነው። የጠየቃቸው ነጋዴዎች ሁሉ አንቀጥርህም ብለውት ስለነበር በተሰጠው አልሐምዱሊላህ ብሎ ይኖራል። ሐጂም ማንም ያልፈለገውን ሰው መቅጠራቸውን ከአላህ አጅር የሚያገኙበት በጎ ሥራ አድርገው ይቆጥሩት ነበር።

አንድ ቀን ነጋድራስ ሙዘይን፣ የከተማዋ ባለጸጋ፣ ለልጃቸው ሰርግ አሥራ ሁለት ኮርቻ ሊያዝዙ መጡ። አንዱን አንስተው ስፌቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«ማሻአላህ! ይህ የማን እጅ ነው?»

ሐጂ «የቤታችን እጅ ነው» አሉ።

«የፋቂ እጅ አይሁን እንጂ ዋጋው አያጣላንም።»

ሐጂ ፈገግ ብለው አለፉት። ከቆዳው ጀርባ ይሰማ የነበረው የወስፌ ድምፅ ቆመ።

የከሰዓቱ የዐስር አዛን ሲሰማ ሐጂ መስጊድ ሄዱ። ሶላት ሊቆም ሲል ዘይኑ ደረሰ፤ ክፍት ቦታ ያገኘውም ከሐጂ ጎን ብቻ ነበር። ኢማሙ ዞር ብለው «ሰፋችሁን፣ ረድፋችሁን አስተካክሉ፣ በመካከላችሁ ክፍተት አትተዉ» አሉ። ዘይኑ ተጠጋ። ትከሻው ትከሻቸውን ነካ። ሐጂ እየሰገዱ ስንተኛው ረከዓ ላይ እንዳሉ ጠፋባቸው። በሶላት ከጎናቸው የቆመውን ሰው በሱቃቸው ደብቀውት ይኖራሉ። ይህን ሰባት ዓመት ሙሉ አላሰቡትም ነበር።

ሶላቱ እንዳለቀ መስጊዱ ግቢ ውስጥ ጠሩት።

«ዘይኑ፣ ከነጋድራስ ጋር የተነጋገርነውን ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ፣ ሐጂ።»

«ያልዋሸሁ መስሎኝ ነበር፤ ዋሽቻለሁ። ደግሞ ሌላም አለ። ግማሽ ስከፍልህ የኖርኩት እጅህ አንሶ አይደለም። የምትሄድበት እንደሌለህ ስለማውቅ ነው። የያዝኩት ሐቅህን ነው፤ ያለኝን ሸጬም ቢሆን እመልሳለሁ። ዐፍው በለኝ፣ ይቅር በለኝ።»

ዘይኑ በዝግታ ተናገረ። «ብሩን ይመልሱልኛል፤ አላህ ይቀበልዎ። ሰባት ዓመት ተደብቄ መቀመጤንስ በምን ይመልሱልኛል? ሴት ልጆቼ አባታቸው ሲሠራ አይተውት አያውቁም። ወደ ሱቁ እንዳይመጡ ከልክያቸዋለሁ።»

 «በምንም» አሉ ሐጂ። «በምንም አልመልስልህም።»

ቤታቸው ሳይገቡ በቀጥታ ወደ ነጋድራስ ሄዱ። «ያደነቁት ስፌት የዘይኑ ነው፤ የፋቂ ልጅ ነው። ቅድም ሲጠይቁኝ ደብቄዎታለሁ።»

ነጋድራስ ደነገጡ፤ ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሐጂ፣ እውነቱን ልንገርዎ፤ እኔን አላስጠላኝም። ሰው ምን ይለኛል? በልጄ ሰርግ እንዲህ ያለ ነገር አልሸከምም።» ትእዛዙ በዚያው ቀረ።

በማግስቱ ሐጂ ዘይኑን በበረንዳው ላይ፣ ከሁለቱ ጎን አስቀመጡት። ክፍያውም ከእነሱ እኩል ሆነ። ከሁለቱ አንዱ ወስፌውን ጥሎ «ከፋቂ ጎን አልቀመጥም» ብሎ ወጣ። የከተማው ሰው በሱቁ በኩል ማለፍ ተወ። ሐጂ የዘይኑን ሐቅ ለመመለስ የሚቀመጡባትን በቅሎ ሸጡ፤ ለመስጊድም ለገበያም በእግራቸው ይሄዱ ጀመር። በሁለተኛው ክረምት አንድ ቀን የዘይኑ ሦስት ልጆች መጥተው በረንዳው ጫፍ ላይ ቆሙ። ዘይኑ ቀና ብሎ አያቸውና ወደ ስፌቱ ተመለሰ፤ መርፌውን ግን ለጊዜው ማስገባት አቃተው።

ከዚያ ከቆላ የመጡ ሲራራ ነጋዴዎች ሱቁን አገኙት። እነሱ የማንንም ዘር አያውቁም፤ የሚያውቁት የዘይኑ ኮርቻ የከብታቸውን ጀርባ እንደማያቆስል ብቻ ነው። ወሬው በመንገዱ ሁሉ ተሰማ። ዓመት ሳይሞላ ከሩቅ ትልቅ ከተማ አንድ ነጋዴ ሰው ላከ፤ ዘይኑ ቢመጣ የሚያገኘውን እጥፍ አድርጎ እንደሚከፍለው፣ የሰፊዎችም አለቃ እንደሚያደርገው ነገረው።

ዘይኑ እያፈረ ለሐጂ ነገራቸው። «ሂድ ካሉኝ ነው የምሄደው» አለ።

«ያንን ያህል ልከፍልህ አቅም የለኝም» አሉ ሐጂ። «እኔን አታስፈቅደኝ። ከባለቤትህ ጋር ተማከር፤ አላህ የሚሻለውን እንዲመርጥልህ ኢስቲኻራ ስገድ።»

ዘይኑ ሄደ። ሐጂ እስከ ከተማው ዳር በእግራቸው ሸኙት፤ ዱዓ አድርገውለት ተመለሱ።

አንድ ጎረቤታቸው እያዘነላቸው መጣ። «ሐጂ፣ ለእሱ ብለው ገበያዎን አጡ፤ በቅሎዎን ሸጡ። እሱ ግን ጥሎዎት ሄደ። ያኔ ቢተዉት ኖሮ ይኸው ዛሬም ከጓዳዎ ነበር።»

ሐጂም እንዲህ አሉ፦ «መሄጃ ያጣ ሰው አብሮኝ ቢኖር፣ ወዶኝ ነው አልልም።»

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ይህን ቃል ከሰማሁ ዓመታት አልፈዋል፤ እስካሁን እረፍት አልሰጠኝም። ሰው ከአላህ ዘንድ የሚበላለጠው በተቅዋ፣ እሱን በመፍራት መሆኑን የማያውቅ በመካከላችን የለም። ሐጂም ያውቁ ነበር። በደሉ የገባባቸው በጥላቻ በኩል አልነበረም፤ ሌላው በጠላው ሰው እሳቸው ስላተረፉ ነው። አንዱ ይንቃል፣ ሌላው ሰው ምን ይለኛል ብሎ ይፈራል፣ ሦስተኛው የተናቀውን በርካሽ ቀጥሮ ደግ ሰው ይባላል።

ከእኔ ቤት አንድ እግሯ የማይታዘዝላት ሴት ልብስ ታጥብ ነበር። ለሌላ አጣቢ ከምንከፍለው አሳንሰን እንሰጣት ነበር፤ እኔም «ምስኪን ናት፣ ማን ይቀጥራታል» እል ነበር። ያጠበችው ልብስ ከሌሎቹ ያነሰ ነጭ ሆኖ አያውቅም። ታሪኩን በሰማሁ ሳምንት ሐቋን ይዤ ሰፈሯ ሄድኩ። ቤት ቀይራ ነበር፤ የት እንደገባች የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። እስከ ዛሬ እያፈላለግኳት ነው። አላህ ከባለ ሐቆቻችን ጋር በሕይወት ሳሉ ያገናኘን።