ከአባቱ ሥር የተኛችው ሴት

አንድ ባለጠጋ ነበረ፤ ከራሱ ቤት ይልቅ ለአባቱ መቃብር የሚጨነቅ። ልጄ የሺመቤት፣ «አባታችንን በእብነ በረድ እናሳርፋቸው፣ ፉካ እናስገባቸው ወይስ አፈር ውስጥ እንተዋቸው? የትኛው ነው የሚያከብራቸው?» ብለሽ የጠየቅሽኝን እሱም ጠይቆኝ ነበር። ያኔ የመለስኩለትን አልደግምልሽም፤ ያፈርኩበት መልስ ነው። የሆነውን ግን ስሚ።

የዚህ ሰው አባት ሲሞት የቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ሞልቶ ነበር። እኛ ልጆች ሳለን እንዲህ አልነበረም። ሰው ሲሞት አፈር ይለብሳል፣ ድንጋይ ይከመርበታል፣ ዘመድ ያለው የጽድ ችግኝ ይተከልለታል፤ በቃ። ማን የት እንደተኛ ሰው በልቡ ይይዘዋል። ቀጥሎ ሲሚንቶ መጣ። ከዚያ የብረት አጥርና የቆርቆሮ ጣሪያ፤ ከዚያ ደግሞ እብነ በረድ፣ ያውም ከፎቶግራፍ ጋር። ዕድሜውን ሙሉ ከረባት አይቶ የማያውቅ ገበሬ ፎቶ ቤቱ ከረባት አስሮለት ከመቃብሩ ላይ ሆኖ ያይሻል! አሁን ቦታ ሲጠፋ፣ ሰባት ዓመት የሞላው አፅም ከአፈር ይወጣና በግንብ ውስጥ እንደ መደርደሪያ በተሠራ ፉካ ይቀመጣል። በዚህ አልቆጣም። መሬቱ አይሰፋ፣ ሰው መሞቱን አይተው፤ ምን ይደረግ?

ባለጠጋው ግን በቀብሩ ዕለት፣ አባቴ ከቤተ መቅደሱ በስተምሥራቅ ወይራው ሥር ካልሆነ አይቀበርም ብሎ ድርቅ አለ። እዚያ ጥቂት ድንጋዮች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል እንጂ ስምም መስቀልም አልነበረም። ድንጋዮቹን በእግሩ ገፋ ገፋ አደረገና «ቆፍሩ» አለ። ተቆፈረ፤ አባቱም ተቀበረ። ፍትሐቱን ያደረስኩት እኔ ነበርኩ።

ሰባት ዓመት ሲሞላ ባለጠጋው ስምንት ሰው ተረዳድቶ ያወረደው እብነ በረድ ይዞ መጣ። ድንኳን ተተከለ፣ ዘመድ ተጠራ፣ ካሜራ የያዘ ሰውም ተቀጠረ። አሳቡ የአባቱን አፅም በአዲስ ሣጥን አድርጎ እዚያው መመለስና ሐውልቱን ከላይ ማቆም ነበር። ቆፋሪው በቀብሩ ዕለት የቆፈረው ያው ሽማግሌ ነው። አፅሙን ከበሰበሰው ሣጥን ለቅሞ በነጭ አቡጀዴ ላይ አኖረ። ግንበኛው ለመሠረቱ አንድ ክንድ ይጨመር አለ።

«ይብቃ ጌታዬ» አለ ቆፋሪው።

«ጨምር!» አለው ባለጠጋው።

ሽማግሌው ዶማውን አስቀምጦ በእጁ ይጭር ጀመር። የሰሌን ቁራጭ ወጣ። ከሰሌኑ ሥር የሰው አፅም፣ ከአንገቱ አጠገብ ማተብ ላይ የነበረ የመዳብ ቀለበት። ሴቶቹ እሪ አሉ። እኔ ጽናው ከእጄ ወደቀ፤ ፍሙ እግሬን ሲያቃጥለኝ እንኳ አልታወቀኝም። ልጄ፣ ብዙ ቀብር አይቻለሁ፤ እንደዚያን ቀን የደነገጥኩበት የለም።

ባለጠጋው ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ ብሎ ጮኸ። «በአባቴ ላይ ሰው ቀበራችሁ? ማነው ይህን በአባቴ ላይ የሠራ?»

«አባትዎ ላይ ማንም አልተቀበረም ጌታዬ» አለ ሽማግሌው ከጉድጓዱ ሳይወጣ። «አባትዎ ናቸው እሷ ላይ የተቀበሩት። ያን ዕለት ሰው አለበት ብዬዎት ነበር። ከተቀበረች ገና ሦስት ዓመቷ ነበር። ‹ምልክት የለውም፣ አውጥተህ ጣላት› አሉኝ። መጣሉን እጄ እንቢ አለኝ፤ ጠለቅ አድርጌ መለስኳት።»

ሴትየዋ በየሰዉ ቤት ውኃ እየቀዳች የምትኖር ነበረች። ድንጋዮቹን ክብ አድርጋ የደረደረችው ጉልት የምትቸረችር ልጇ ናት። ባለጠጋው ድንጋዮቹን ከበተነ በኋላ ልጅቱ የእናቷን ቦታ አጣችው። ከቅጥሩ ጥግ፣ የፍርስራሽ ድንጋይና አመድ ከምንደፋበት፣ «እዚህ ሳይሆን አይቀርም» ብላ በየሙት ዓመቱ እዚያ እየተንበረከከች ታለቅስ ነበር። በዚያ ጥግ አንድም ሰው አልተቀበረም። ቆፋሪው ይህን ያውቃል፤ እንጀራዬ ይቋረጣል ብሎ ፈራ። እኔም እናቷ የተቀበረችው ወይራው ሥር እንደሆነ አውቅ ነበር። ባለጠጋው ጉልላቱን ሊያሠራልን ቃል ገብቶ ነበርና እኔም ዝም አልኩ።

 ባለጠጋው ጋቢውን አውልቆ አፅሟን እንዲሸፍኑበት ሰጠና፣ ልጅቱን ራሱ ሄዶ ከጉልቷ ይዟት መጣ። የሠራውን በዘመዶቹ ፊት አንድ በአንድ ነገራት። ትሰድበዋለች ብለን ጠበቅን፤ አልሰደበችውም። ጉድጓዱን አየች፣ ጋቢውን አየች፣ ዞር ብላ የቅጥሩን ጥግ አየች።

«ታዲያ ሰባት ዓመት ሙሉ ያለቀስኩት ማን ላይ ነው?» አለች።

 ባለጠጋው የወይራውን ሥር ለእናቷ ለቀቀ፤ የአባቱን አፅም ፉካ አስገባ። እብነ በረዱን መልሶ አስጫነው።

እንግዲህ የሺመቤት፣ እብነ በረድም፣ ፉካም፣ አፈርም አባትሽን አያዋርዱም፤ በየዘመኑ ሰው ባገኘው ነገር ሙቱን ሲሸኝ ኖሯል። የሚያዋርዳቸው ሌላ ሰው ረግጠው መተኛታቸው ነው። ዛሬ ያ ባለጠጋ አንቺና ወንድሞችሽ ናችሁ፤ አውቆ ዝም ያለው ቄስ እኔው ነኝ። ነገ የአባታችሁን አፅም የምታዛውሩት ከቤተልሔሙ ጀርባ ነው፣ ቦታውም ባዶ ነው ብለሽኛል። ባዶ አይደለም። ከአራት ዓመት በፊት ከፎቅ የወደቀ የቀን ሠራተኛ እዚያ ቀብሬአለሁ። እናቱ ስሙን በጣውላ ላይ አስጽፋ ነበር፤ ጣውላውን ክረምቱ ወሰደው። የክርስትና ስሙ ኃይለ ጊዮርጊስ ነው። ሂጂና ይህን ስም ለወንድሞችሽ ንገሪያቸው። እንቢ ካሉ፣ ነገ ዶማው ከመነሣቱ በፊት እኔ እዚያ ቆሜ እነግራቸዋለሁ።