ማን ያውቃታል?

አንድ ስሙ የገነነ የግል ትምህርት ቤት ነበር። ልጁን እዚያ ያስገባ ወላጅ በሰፈሩ ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። ይህ ትምህርት ቤት የወርቅ ኢዮቤልዩውን ሊያከብር ሲነሳ፣ በመግቢያው አዳራሽ ግድግዳ ላይ «ስመ ጥር የቀድሞ ተማሪዎቻችን» ብሎ ፎቶ ሊሰቅል ወሰነ። አባላቱ ራሳቸው የቀድሞ ተማሪዎች የሆኑበት መራጭ ኮሚቴም ተቋቋመ።

የኮሚቴው አሠራር ቀላል ነው። ሰብሳቢው ርዕሰ መምህር ስም ይጠሩና «ማን ያውቀዋል?» ብለው ይጠይቃሉ። አንድ አባል እንኳ እጁን አውጥቶ ከመሰከረ ፎቶው ይሰቀላል፤ እጅ ካልወጣ ይታለፋል። ጡረታ የወጡት አንጋፋው መምህር ጋሽ ይመኑ ብቻ እጅ እንዳያወጡ ተከለከሉ። አስተማሪ ለተማሪው ያዳላል ተባለ። ተማሪዎቹን ከማንም በላይ የሚያውቀውን ሰው «አትመስክር» የሚል ኮሚቴ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ይኸው እዩት!

መጀመሪያ የተጠራው መድኃኒት አስመጪው ዘርይሁን ነው። ራሱም የኮሚቴው አባል ሆኖ እዚያው ተቀምጧል። የጠረጴዛው ዙሪያ እጅ በእጅ ሆነ። አንዱ በቴሌቪዥን አውቀዋለሁ አለ፤ ሌላው ሠርጉ ላይ ነበርኩ አለ። ዘርይሁን አንገቱን ሰበር አድርጎ «ኧረ እኔ ምን ሠርቼ!» አለ። የጋሽ ይመኑ ደም ፈላ፤ ግን ቻሉት።

ቀጥሎ እሳቸው ራሳቸው ያቀረቡት ስም ተጠራ፤ አስካለ። የዘርይሁን የክፍል ጓደኛ ነበረች። አድጋ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ስትሆን፣ ዘርይሁን ያስመጣው የሕፃናት መድኃኒት ጊዜው ያለፈበት፣ ቀኑም ተፍቆ ሌላ የተጻፈበት መሆኑን ደረሰችበትና አላሳልፍም አለች። ዘርይሁን ጉቦ ይዞ ለመናት፣ አስፈራራት፣ እምቢ አለች። መድኃኒቱ ተቃጠለ። የዘርይሁን ፋይል ግን እንደ ዋዛ ተዘጋና እሷ «ስም አጥፊ» ተብላ ከሥራ ተባረረች። ከዚያ ወዲህ የሚቀጥራት ጠፍቶ ትንከራተታለች። ጋሽ ይመኑ የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያሳደጋት ትምህርት ቤት እንኳ «የእኔ ልጅ ናት» ይበላትና የጎደፈ ስሟ ይጥራላት።

«ማን ያውቃታል?» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

አንድም እጅ አልወጣም። አንዱ መነጽሩን ይጠርጋል፣ አንዷ ስልኳን ትነካካለች። ወሬውን ያልሰማ በመካከላቸው አልነበረም እኮ!

«እንግዲህ የሚያውቃት ከሌለ ስመ ጥር አይደለችም ማለት ነው። እንለፍ» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

ጋሽ ይመኑ ብድግ አሉ። «ወዴት ነው የምናልፈው? ዘርይሁን፣ እጅህን አውጣ እንጂ!»

«እኔ ጋሼ?»

«አንተ! እዚህ ክፍል ውስጥ እንዳንተ አስካለን የሚያውቃት ማን አለ? ጉቦ ይዘህ ሄደህ አይተሃታል። በማስፈራሪያም ሞክረሃታል። በል መስክርላት፤ አንድ እጅ ይበቃል ተብሏል!»

ዘርይሁን እጁን ወደ ውኃው ብርጭቆ ሰደደ። ጎንጨት አለና «የቆየ ነገር ባናነሳ ምን አለበት ጋሼ? በዓላችንን እናክብር» አለ።

«ጋሽ ይመኑ፣ እባክዎ ይቀመጡ፤ ስብሰባ ሥርዓት አለው» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

«ሥርዓቱንማ ያስተማርኳችሁ እኔ ነኝ!» ብለው ጮኹ ጋሽ ይመኑ። «መልሱን የሚያውቅ እጁን ያውጣ እያልኩ ነው ያሳደግኋችሁ። እያወቀ እጁን የሚደብቅ ተማሪ አልነበረኝም፤ ዛሬ ግን ክፍል ሙሉ አየሁ። አፈርኩባችሁ!» ኮታቸውን ከወንበሩ አንስተው ወጡ። ተከትሏቸው የወጣ አንድም ሰው የለም።

የዘርይሁን ፎቶ ተሰቀለ፤ ከላዩም መብራት ተደረገለት። አስካለ ዛሬም ሥራ ትፈልጋለች። በግድግዳው ሥር የሚያልፉት ልጆች ቀና ብለው እንዲያዩ እየተደረገ «እንደሱ ሁኑ» ይባላሉ። ያ መድኃኒት አልፎ ቢሆን ኖሮ ከመካከላቸው የትኞቹ ዛሬ በሕይወት እንደማይኖሩ የነገራቸው የለም።

ወዳጆቼ፣ መታወቅና መከበር ለየቅል ናቸው። ፊቱን ሁሉ ሰው ያየው ሰው፣ ሥራው ሲታይ ሊያሳፍር ይችላል። «አናውቃትም» የተባለችውም ብዙ ጊዜ የሚያውቃት ጠፍቶ አይደለም፤ የጠፋው አፉን ሞልቶ አውቃታለሁ የሚል ሰው ነው። የአስካለን ስም የቀበረው ዘርይሁን ብቻ አይደለም፤ መነጽሩን ሲጠርግ የነበረውም አብሮ አፈር መልሶባታል።

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ በመሥሪያ ቤታችሁ፣ በዕድራችሁ፣ በሰፈራችሁ፣ ንጹሕነቱን እያወቃችሁ ስሙ ሲጠፋ ዝም ያላችሁት ሰው ማን ነው? ዛሬስ ትመሰክሩለታላችሁ?