«ሰው አግኝቻለሁ» ያለችው እናት

አንዲት ሴት ነበረች፤ ከማንም ምንም የማትቀበል።

ይህን የተናገሩት አንድ የሸመገሉ መምህር ናቸው። ከተማሪዎቻቸው አንዱ፣ «የኔታ፣ ለሰው ስሰጥ ደስ ይለኛል፤ ከሰው ስቀበል ግን ያንገበግበኛል። የማንም ውለታ ሳይኖርብኝ ልኑር ማለቴ ክፉ ነው ወይ?» ብሎ ጠየቃቸው። መምህሩ ክፉ ነውም፣ መልካም ነውም አላሉትም። አጠገባቸው አስቀምጠው የዚህችን ሴት ነገር ይነግሩት ጀመር።

ሴትዮዋ ትርንጎ ትባላለች። ወንዝ ዳር ባለች አንዲት ከተማ በክር ፋብሪካ ውስጥ ትሠራ ነበር። ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ አንዴ ከወጣ በቶሎ አይመለስም። ሁለት ልጆች አሏት፤ ትልቋ እንጉዳይ ሁለተኛ ክፍል፣ ትንሹ ቢተው ገና መዋዕለ ሕፃናት። ትርንጎ ወላጆቿ በልጅነቷ ስለሞቱባት አክስቷ ቤት ነው ያደገችው። አክስቷ አላስራቧትም፤ ነገር ግን ያበሏትን ሁሉ ይነግሯት ነበር። ሰው በተሰበሰበበት «ይቺን ልጅ እኔ ባላነሣት ኖሮ የትም ወድቃ ትቀር ነበር» ይላሉ፤ እሷም ወጥ እያወጣች ትሰማለች። አድጋ የራሷን ቤት ስትይዝ በልቧ ቆረጠች፤ «የኔ ልጆች የሰው እጅ አያዩም» አለች።

ትምህርት ቤት ክፍት ሳለ ነገሩ ይቻል ነበር። ማለዳ ልጆቹን በር ላይ አድርሳ ወደ ፋብሪካ ትሮጣለች፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሥራ ስትወጣ ይዛቸው ትመለሳለች። ሰኔ አልቆ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ግን እንጉዳይ በጭቃው ላይ እየዘለለች መጣች። «እማዬ፣ እስከ መስከረም ትምህርት የለም!» አለች። እናቷ አቅፋ ሳመቻት፤ በልቧ ግን ታስብ ጀመር። ከነገ ጀምሮ ልጆቼን የት ላውላቸው?

በዚያው ቀን ጎረቤቷ ዘርፌ በቆርቆሮ አጥሩ ላይ ብቅ አለች። ዘርፌ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ከቀትር ጀምሮ እስኪመሽ ድረስ ጉሊት ላይ ጎመንና ቃሪያ ትቸረችራለች። ሦስት ትናንሽ ልጆች አሏት።

«ትርንጎ፣ ልጆቹን ማን ጋ ልትተያቸው ነው?» አለቻት። «ወደኔ ላኪያቸው እንጂ። ከነዚህ ጋር ይውላሉ።»

ትርንጎ አክስቷ ፊቷ ላይ ድቅን አሉባት። «እግዜር ይስጥልኝ፤ ሰው አግኝቻለሁ» አለች።

ዘርፌ አፏን ልትከፍት አለችና መልሳ ዘጋችው። «ይሁን እሺ» ብላ ከአጥሩ ወረደች። ትርንጎ ማንንም አላገኘችም ነበር።

ደላላ ጋ ሄደች። ደላላው ከገጠር የመጣች ልጃገረድ አመጣላት። ልጅቷ ደግ ነበረች፤ ቢተውን እያዘለች ስታጫውተው ትውላለች። ትርንጎ ገና ልቧ ማረፍ ሲጀምር ያው ደላላ ተመልሶ መጣና ልጅቷን የተሻለ ቤት አስገባት። ትርንጎ ከሥራ ስትመለስ ልጆቿን ደጃፉ ላይ በዝናብ ተቃቅፈው አገኘቻቸው።

ከዚያ በኋላ ከተማው ማዶ ወዳለችው የባሏ እኅት ወሰደቻቸው። ገና ሳይነጋ ትነሣለች። እንቅልፉን ያልጨረሰውን ቢተውን አዝላ፣ እንጉዳይን በእጇ እየጎተተች ጭቃውን ታቋርጣለች፤ ከዚያ ደግሞ ወደ ፋብሪካው ተመልሳ ትሮጣለች። አንድ ቀን ወደ ቤት ሲመለሱ እንጉዳይ መንገድ ላይ ቆም አለች።

«እማዬ፣ እኛ አስቸጋሪ ነን እንዴ?»

«ማን አለሽ?»

«እትዬ ለጎረቤቷ ስትነግር ሰማኋት። 'የወንድሜን ልጆች የማበላው እኔ ነኝ፤ እናታቸው ትታቸው ሄዳለች' አለች።»

ትርንጎ የሰማችው የልጇን ድምፅ አልነበረም፤ የአክስቷን ነበር። በማግስቱ ልጆቹን ወደዚያ ቤት አልወሰደቻቸውም።

ፋብሪካ ይዛቸው ገባች። በጥጥ ክምሩ መካከል አስቀምጣ «ትንፍሽ እንዳትሉ» አለቻቸው። ቢተው ግን ልጅ ነውና ጥጡ ውስጥ ተንከባለለ፤ ፀጉሩ ነጭ ሆኖ እየሳቀ ወደ ማሽኖቹ መጣ። የፈረቃው አለቃ በአየር ላይ ቀለበው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ልጁን እንዳቀፈ ተቆጣት። «ይህ የማሽን ቀበቶ የልጅ እጅ ከያዘ አይለቅም። ሁለተኛ ባያቸው ሥራሽን ታጫለሽ» አላት።

የቀራት በር መቆለፍ ብቻ ነበር። ምግብና ውሃ፣ ፖፖም አስቀመጠችላቸው፤ ክብሪቱን ደበቀች። ከውጭ ቆለፈችና ቁልፉን ጡቷ መካከል ሸጎጠች። በበሩ ስንጥቅ፣ «ማንም ቢጠራችሁ አትመልሱ፤ ድምፃችሁ ውጭ እንዳይሰማ» አለቻቸው። ሌባ እንዳይሰማቸው ነው ብላ ለራሷ ነገረች። እንዳትሰማቸው የፈራችው ግን ዘርፌን ነበር፤ «ሰው አግኝቻለሁ» ስትል ያገኘችው ቁልፍ ብቻ እንደ ሆነ እንዳታውቅባት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ትርንጎ ዕረፍት የላትም። እጇ የተበጠሰ ክር ይቀጥላል፤ ልቧ ደጃፏ ላይ ይመላለሳል። ክብሪቱን ከፍ አድርጌዋለሁ ወይስ ጠረጴዛው ላይ ትቼዋለሁ? ቢተውን ጉርሻ ቢያንቀውስ? እንጉዳይ ብትወድቅስ? የማሽኑ ድምፅ ሲለወጥ የልጅ ጩኸት እየመሰላት ትደነግጣለች። ጓደኛዋ «ልጆቹስ ከማን ጋር ናቸው?» ስትላት «ሰው አለልኝ» ትላለች። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል ትሮጣለች። በሩን ስትከፍት ሁለቱም ፍራሹ ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠው ታገኛቸዋለች። እንጉዳይ በሹክሹክታ መናገር ለመደች። በሩ ተከፍቶ፣ እናቷም ገብታ፣ ልጅቷ ዳቦ ስትጠይቅ በሹክሹክታ ነው። ትርንጎ ይህን ስታይ ልቧ ተሰበረ። በማግስቱ ግን ቆለፈች፤ ሌላ ምን ታድርግ?

ነሐሴ ላይ አንድ ቀን፣ ቀትር ካለፈ በኋላ ሰማዩ ጠቆረና ዝናቡ ወረደ። የፋብሪካው ጣሪያ ከማሽኖቹ በላይ ጮኸ። ከውጭ የገባ ጥበቃ፣ «ወንዙ ሞልቷል፤ የታችኛው ሰፈር ቤቶች ውሃ ገብቷቸዋል» አለ። ትርንጎ የምትኖርበትን የታችኛውን ሰፈር ስም ሲጠራ ሰማች፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማችም። ማሽኗን እየተሽከረከረ ትታ ወጣች። አለቃው ስሟን ጠራ፤ ዞር አላለችም።

ጫማዋ ጭቃው ውስጥ ቀረ። ሰፈሯ ስትደርስ መንገዱ ወራጅ ውሃ ሆኗል። የቤቷ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ቁልፉ ከነማንጠልጠያው ተገንጥሎ ተንጠልጥሏል። ወደ ውስጥ ገባች። ውሃው ጉልበቷ ደረሰ። ፍራሹ ይንሳፈፋል፤ ልጆቿ የሉም። ስማቸውን ጠራች፤ ዝናቡ ድምፅዋን ዋጠው። ወደ ዘርፌ ቤት ዘለለች፤ እዚያም ማንም የለም። አንድ ሽማግሌ ከጣሪያቸው ሥር ሆነው «ልጆቹን ዘርፌ ወሰደቻቸው! ወደ ላይ፣ ወደ ጉሊቱ!» ብለው ጮኹላት።

ጉሊቱ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው። ትርንጎ ዳገቱን በእጇም በእግሯም ወጣች። ዘርፌን ከአንድ ሱቅ ግድግዳ ተጠግታ አገኘቻት። ትንሿን ልጇን አዝላለች፤ እንጉዳይና ቢተው ከሌሎቹ ሁለት ልጆቿ ጋር በአንድ ላስቲክ ሥር ተጠቅልለዋል። ጎመኗ ላስቲክ የሚያለብሰው አጥቶ ዝናቡ ይቀጠቅጠዋል፤ ቃሪያው በፈሳሹ ወደ ታች ይወርዳል። ቢተው እናቱን ሲያይ ተንደርድሮ መጣባት። ትርንጎ ሁለቱንም አቅፋ ጭቃው ላይ ተቀመጠች።

ዘርፌ «ላስቲክ ልወስድ ወደ ቤት ተመልሼ ነበር» አለቻት። «ስወጣ ከግድግዳው ወዲያ ልቅሶ ሰማሁ። ቤቱ ባዶ ነው ብዬ ነው የማውቀው፤ ተቆልፎ ስለማየው። ውሃው ሲገባ አየሁና ቁልፉን በመጥረቢያ ጀርባ ገነጠልኩት። በርሽን ስላበላሸሁ ይቅር በዪኝ።»

ትርንጎ ቀና ብላ አየቻት። በጀርባዋ ያለችው ሕፃን ታስላለች፤ ሳሉ የዛሬ አልነበረም፤ ደረቷን የሚያናውጥ፣ ሥር የሰደደ ሳል ነበር።

«ልጆችሽን ለምን በዚህ ዝናብ ይዘሻቸው ወጣሽ?» አለች ትርንጎ። «ቤት አይደለም እንዴ የሚውሉት?»

«ከማን ጋር?» አለች ዘርፌ። «እኔም ትምህርት ቤት ተዘግቶብኛል። ክረምቱን ሙሉ ከቀትር ጀምረን እዚሁ ነን።»

«ታዲያ የኔን ላኪያቸው ያልሺኝ...»

«ጠዋት ቤት ነኝ። ጉሊቱ የሚደራው ሠራተኛ ከወጣ በኋላ ስለሆነ፣ አንቺ እስክትመለሺ ዘግየት ብዬ መውጣት እችላለሁ። እኔ ያንቺን ጠዋት ከያዝኩ፣ አንቺ ደግሞ እስኪመሽ የኔን ትይዥልኛለሽ ብዬ ነበር። በአጥሩ ላይ የመጣሁት ይህንኑ ልለምንሽ ነበር። 'ሰው አግኝቻለሁ' አልሺኝ። ምንም የማያስፈልጋትን ሴት ምን ብዬ ልለምናት?» ዘርፌ በጀርባዋ ያለችውን ልጅ ቀና አደረገች። «አፈርኩ» አለች።

ትርንጎ ክረምቱን ሙሉ የምትሸሸው እንዳይመጣባት የፈራችውን ውለታ ነበር። በአጥሩ ወዲያ በዝናብ የምትመታ ሴት እንዳለች አንድ ቀን እንኳ አልታያትም። ከጭቃው ተነሣች። ነጠላዋን ጨመቀችና የምታስለውን ሕፃን ከዘርፌ ጀርባ አውርዳ በራሷ ጀርባ አዘለቻት። ከዚያም በሕይወቷ ተናግራ የማታውቀውን ቃል ተናገረች፤ «ዘርፌ፣ ነገ ጠዋት ልጆቼን ያዥልኝ» አለች።

ዘርፌ ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ። «ነገማ ከቤታችን ውሃ ስንቀዳ ነው የምንውለው፤ ሁለታችንም» አለች።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ቀና ሆነ ብለህ አታስብ። አለቃው ትርንጎን ከሥራ ባያባርራትም ማንም ወደማይወደው ማሽን አዛወራት። ልጆቹ ይጣላሉ፤ የዘርፌ ልጅ የትርንጎን ብርጭቆ ሰበረ፤ የትርንጎ ልጆች ቅማል ይዘው መጡ። ትርንጎ ልጆቿ ከሰው ሳህን ሲበሉ ባየች ጊዜ አክስቷ ትዝ እያሏት ጥርሷን ትነክሳለች። ዘርፌ ግን ያበላችውን አንድም ቀን ለማንም አላወራችም። የሕፃኗ ሳል እየቆየ ለቀቃት። እንጉዳይም በግቢው ውስጥ ከነዚያ ልጆች ጋር ስትሯሯጥ እየጮኸች መናገር ጀመረች፤ እናቷ በሥራ ደክማ ገብታ ጩኸቱን ስትሰማ ዝም በይ አላለቻትም።

መምህሩ ይህን ከተናገሩ በኋላ ወደ ጠየቃቸው ተማሪ ዞሩ።

«ልጄ፣ አንተም ልክ እንደዚህች ሴት ነህ። ባለፈው ታመህ በተኛህ ጊዜ ጎረቤትህ አጥሚት ይዛልህ መጥታ ከበር መለስካት፤ 'ደኅና ነኝ' አልካት። ውለታ እንዳይገባብህ የዘጋህ መሰለህ። እሷ ግን ምን ልትጠይቅህ አስባ እንደ መጣች አታውቅም። ምናልባት ልጇን ፊደል እንድታስቆጥርላት ይሆናል፤ ምናልባት ደብዳቤ የሚጽፍላት አጥታ ይሆናል። ምንም የማይጎድለው መስለህ ስትቆምባት በምን አፏ ትለምንሃለች? መስጠት እወዳለሁ አልከኝ። ከሰው የማይቀበል ሰው ሰውን እንዳይጠይቀው አድርጎ ይመልሳል፤ ትርንጎ በራሷ ልጆች ላይ የቆለፈችው ቁልፍ በዘርፌም ልጆች ላይ ተቆልፎ ነበር። አሁን ተነሥ። ደጇን አንኳኳ። ጨው አልቆብህ እንደ ሆነ ጨው ጠይቃት፤ ስትሰጥህም ወደ ቤትህ ለመመለስ አትቸኩል። ቁጭ በልና እሷ ደግሞ የምትልህን ስማ።»