የስንጥቆቹ ጨዋታ

አንበሳ በነገሠ በአራተኛው ዓመት ጫካው ከተማ ሆነ። በዚያ አገር ከተማ ማለት ድንጋይ የተነጠፈበት ጫካ ማለት ነው። ዛፉ ተቆርጦ፣ ሣሩ ተፍቆ፣ ከገደሉ አፋፍ እስከ ወንዙ አቅራቢያ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተደረደረ። የተሸከሙት የሜዳ አህዮች፣ የደረደሩት ዝንጀሮዎች፣ የሚራመድበት አንበሳ ነበር። ምክንያቱም በአዋጅ ተነግሯል፦ ሣር ኮቴ ይውጣል፤ ንጉሥ ሲራመድ ግን መሰማት አለበት።

በጫካው መካከል አንድ ትልቅ ዋርካ ነበር። ቀድሞ እንስሳቱ ሲጣሉ የሚታረቁት፣ ሲጨንቃቸው የሚመክሩት በጥላው ሥር ነው። አንበሳ ዋርካውን አስቆረጠና በጉቶው ላይ የድንጋይ መድረክ አሠርቶ ተቀመጠበት። ከዚያ ወዲህ ምክር የሚባለው እሱ ጥላ ውስጥ ሆኖ ሲናገር ሌሎቹ ፀሐይ ላይ ቆመው መስማት ሆነ።

ሕጉ አጭር ነበር፦ "ያለ ፈቃድ የበቀለ ሁሉ አመፅ ነው።" ፈቃድ የሚሰጠው የንጉሡ አማካሪ ቀበሮ ነው። ባቄላ መዝራት የፈለገች ጥንቸል ብትለምነው "ጉዳይሽ እየታየ ነው" ይላታል። ጥንቸሏ ሞታ የልጅ ልጇ ብትመጣም "የአያትሽ ጉዳይ እየታየ ነው" ብሎ ይመልሳታል። ሕጉን የሚያስከብሩት ጅቦች ነበሩ። ቡቃያ ሲያዩ ነቅለው ከባለቤቱ ደጃፍ ይጥሉታል፤ ከራባቸው ደግሞ ባለቤቱንም ያነሡታል።

በዚህች ከተማ፣ በታች ሰፈር፣ ፍልፈሊት የምትባል አንዲት ፍልፈል ነበረች። ዓይናፋር ናት። እንደ ዘመዶቿ ሁሉ ያላት ዓይን ትንሽ ነው፤ እሱንም ጉባኤ ላይ ከመሬት አታነሣውም። ፍልፈል የሚኖረው በሥር ነው፤ ድንጋይ ከተነጠፈ ወዲህ ግን ሥር ጠፋ። እናቷ ሥር ፍለጋ ድንጋይ ስትፍቅ ጥርሷ አልቆ በረሃብ ሞተች። ሬሳዋን ያነሡት ጅቦች "መንገድ ዘግታ ተገኘች" ብለው ለበላይ አስታወቁ። ፍልፈሊት እናቷን የቀበረችው በልቧ ነው፤ ያቺን ቃል ግን አልቀበረችም።

አንድ ቀን በቀትር፣ አንበሳውም ጅቦቹም በሙቀቱ ተዘርረው ሲያንኮራፉ፣ በሁለት ድንጋዮች መካከል ባለው ስንጥቅ አንዲት ፍሬ ባቄላ ቀበረች። በሦስተኛው ቀን ስትመለስ ከባቄላዋ አጠገብ ሌላ ቡቃያ አገኘች፤ ከጎኑ ሦስት ነጭ ጠጠሮች ተደርድረዋል። የተከለው የላይ ሰፈሩ አያ ጃርት ነው። "እኔም አለሁ" ማለቱ ነበር። ፍልፈሊትም በነጋታው ሁለት ዘርታ ሦስት ጥቁር ጠጠር አስቀመጠች። ጨዋታው እንዲህ ተጀመረ።

ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር በየቀትሩ ይወጡ ነበር። ዘር ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ፣ ቅጠል አውጥቶ፣ ከጅብ ጥርስ ተርፎ አንድ ወር ከቆመ አንድ ነጥብ ነው። ሁለቱ ወገን እንዳይካካዱ ላይ ሰፈር በነጭ፣ ታች ሰፈር በጥቁር ጠጠር የየራሱን ምልክት ያደርጋል። ክረምት ሲገባ ነጥቡ ይቆጠራል፤ የተሸነፈ በጋውን ሙሉ ለአሸናፊው ተክል ውኃ ይሸከማል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ደንብ ነበር፦ የነቀለ ተነቀለ። የሌላውን ቡቃያ የነካ ሰፈሩ በሙሉ ከጨዋታ ይወጣል።

"እናንተ ሥር በላተኞች!" ይላሉ ላይ ሰፈሮች። "የተከላችሁትን ራሳችሁ እንዳትበሉት ብቻ!"

"አያ ጃርት፣ ጀርባህን ሰብስብ፤ ባቄላችን ይሰካብሃል!" ትመልሳለች የታች ሰፈሯ ፈጣን እመት ጦጢት።

ፍልፈሊት አትሳደብም፤ የትኛው ስንጥቅ ሥር አፈር እንዳለ በአፍንጫዋ ለይታ ለጓደኞቿ ትናገራለች እንጂ። ሦስት ክረምት አለፈ። ከተማዋ በየስንጥቋ አረንጓዴ መስመር አወጣች። ጥንቸሎች በግልጽ ባይሆንም መስቀለኛው መንገድ ላይ ጎመን በሉ። ፍልፈሊትም ለመጀመሪያ ጊዜ ጠግባ ተኛች።

አንድ ቀን ከመድረኩ ሥር ጉድጓድ እየማሰች ሳለ ከላይ ድምፅ ሰማች።

"አዋርደውኛል" ይላል አንበሳ። "ጅቦቹ ሁሉንም ይንቀሉ። የተከሉትንም ይጨርሱ።"

"ጌታዬ፣" አለ ቀበሮ፣ "ጅብ አንድ ሲነቅል እነሱ ሦስት ይተክላሉ። የተከለውን የሚያውቀው ተካዩ ነው፤ የሚነቅለውም እሱ ቢሆን ይሻላል።"

"እንዴት አድርጎ?"

"ዋንጫ ይስጧቸው።"

በማግሥቱ ጉባኤ ተጠራ። ቀበሮ ጉሮሮውን ጠርጎ ተናገረ፦

"የተከበራችሁ የከተማችን እንስሳት! ጃንሆይ ጨዋታችሁን አይተዋል። አልተቆጡም። 'በጨዋታ አይቆጣም ጌታ' ይባል የለ? እንዲያውም ከዛሬ ጀምሮ ጨዋታው የንጉሡ ጨዋታ ነው። በቀትር መደበቅ ቀረ፤ በጠዋት በነጻነት ትጫወታላችሁ። ዳኛው እኔ ነኝ። ላሸነፈው ሰፈር በወንዙ ዳር ያልተነጠፈው ሜዳ ከነሣሩ ለዘላለም ይሰጠዋል።"

እንስሳቱ እልል አሉ። ያንን ሜዳ በሕልሙ ያላየ አልነበረም።

"ጨዋታው እንዲደምቅም" አለ ቀበሮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አንዲት ትንሽ ማሻሻያ አለች። የሌላውን ሰፈር ተክል ነቅሎ ያመጣ ሁለት ነጥብ ያገኛል።"

ፍልፈሊት አፏን ከፈተች፤ "አታለ—" ብላ ጀመረች። ድምፁ ከጉሮሮዋ ሲወጣ ትንኝ ያህል ነበር።

"ከታች የሚጮኽ ነገር አለ ልበል?" አለ ቀበሮ። ጅቦቹ ሳቁ። ጅብ ሲስቅ ደግሞ ሁሉም ይስቃል። ፍልፈሊት ፊቷን ቀበረች፤ ያወቀችውን ይዛ ዝም አለች።

በመጀመሪያው ቀን የነቀለ አልነበረም። በሁለተኛው ቀን አንድ የላይ ሰፈር ዝንጀሮ አንዲት የታች ሰፈር ባቄላ ይዞ ወደ ቀበሮ ሲሮጥ ታየ። ቀበሮ ጮክ ብሎ "ሁለት!" አለ። እመት ጦጢት ተቆጥታ መጣች።

"እነሱ ሲነቅሉ እኛ ቆመን እናጨብጭብ?"

"የነቀለ ተነቀለ ነው ደንቡ" አለች ፍልፈሊት።

"ያ የድሮው ነው እህቴ! ሜዳውን ላይ ሰፈር ወስዶ ልጆቻችን ድንጋይ ይላሱ?"

ከዚያ በኋላ ለመፈለግ እንኳ አልተቸገሩም። ለሐቅ ብለው ያስቀመጧቸው ጠጠሮች እያንዳንዱን ቡቃያ ይጠቁማሉ። ላይ ሰፈር ጥቁር ያለበትን፣ ታች ሰፈር ነጭ ያለበትን ነቀለ። የሦስት ክረምት ሥራ በሰባት ጠዋት አለቀ። ፍልፈሊትም ነቀለች። በሰባተኛው ቀን፣ ሰፈሯ ሲጮኽባት፣ አንዲት ነጭ ጠጠር ያለባት ባቄላ በጥርሷ ጎተተች። ሥሩ ጣፋጭ ነበር። በሕይወቷ እንደዚያ የመረራት ነገር የለም።

ጅቦቹ በእነዚያ ሰባት ቀናት ከጥላቸው አልተነሡም።

ቀበሮ ነጥቡን ቆጠረ። "ላይ ሰፈር ሁለት መቶ አሥራ አራት። ታች ሰፈር ሁለት መቶ አሥራ አራት። ድንቅ ውድድር ነበር! አሸናፊ ስለሌለ ሜዳው ለከተማችን ዕድገት ይውላል።" በሳምንቱ ሜዳው ድንጋይ ተነጠፈበት። ድንጋዩን እንዲሸከሙ የታዘዙትም ሁለቱ ሰፈሮች ነበሩ።

ያን ጊዜ ፍልፈሊት ተቆጣች። ቁጣዋ እንደ ጩኸት አልወጣም፤ እንደ ሥር ወደ ታች ሄደ። በጠራራ ፀሐይ ላይ ሰፈር ድረስ ተሻግራ አያ ጃርትን ከደጃፉ አገኘችው።

"ልትስቂብኝ መጣሽ?" አላት።

"ልሰድብህ ነው የመጣሁት።"

"ጀምሪ፤ ጀርባዬ እሾህ ነው፣ ይችለዋል።"

"ደደብ!" አለችው። ሌላ ስድብ አታውቅም ነበር። "እኔም ደደብ ነኝ። ከመድረኩ ሥር ሆኜ ቀበሮ ሲመክር ሰምቼ ነበር። ሳቃችሁን ፈርቼ ዝም አልኩ።"

የጃርት እሾህ ቆመ። ብዙ ጊዜ ቆሞ ቆየ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ተኛ።

"ብትናገሪም አልሰማሽም ነበር" አለ። "ልጆቼ ሣር ላይ ሲንከባለሉ እየታየኝ ነበር።"

"ስማኝ። ትናንት ርቦኝ ከመድረኩ ሥር በጣም ወደ ታች ማስኩ። ወፍራም ሥር አገኘሁ። ስነክሰው ነጭ ወተት ፈሰሰው። የዋርካው ሥር ነው አያ ጃርት። አልሞተም።"

"በላሽው?"

"ሦስት ቀን ሙሉ እህል አልቀመስኩም" አለች። "አልበላሁትም።"

ጃርትም "የተሸነፈ ውኃ ይሸከማል ነበር ደንባችን" አለ። "ማን ተሸነፈ?"

"ሁለታችንም።"

"እንግዲያው ሁለታችንም እንሸከም።"

ታች ሰፈር ከድንጋዩ በታች ቦይ ቆፈረ። ላይ ሰፈር ከወንዙ በቅል እየቀዳ በመድረኩ ዙሪያ ባለው ስንጥቅ አፈሰሰ። በዚህኛው ጨዋታ ጠጠር አልተቀመጠም፤ ነጥብም አልተያዘም። ጅቦች "ምን ታደርጋላችሁ?" ብለው ሲጠይቁ እመት ጦጢት "የጃንሆይን ድንጋይ እያጠብን ነው ጌቶቼ" ትላለች። ቀበሮ ይህን ሰምቶ በጉባኤ አመሰገናቸው፤ ለሌሎችም አርአያ ናቸው አለ።

በሁለተኛው ክረምት መድረኩ ተሰነጠቀ። በሦስተኛው የአንበሳው መቀመጫ ወደ ግራ ዘመመ። በአራተኛው አንድ ጠዋት ንጉሡ ሲነሣ ከሁለቱ የፊት እግሮቹ መካከል የዋርካ ቅጠል ቆሞ አገኘ።

ጉባኤው ተጠራ። አንበሳ አገሳ፦ "የማን ነው?"

ቀበሮ ጎንበስ ብሎ ጠጠር ፈለገ። ነጭም ጥቁርም የለም። እንስሳቱ ዝም አሉ።

"ንቀሉት!" አለ አንበሳ።

ማንም አልተነሣም። ሁለት ጅቦች ወጥተው ቡቃያውን በጥርሳቸው ያዙና ሳቡ። ተክሉ አልወጣም፤ መድረኩ ግን ተነቃነቀ፤ አንድ ድንጋይ ከመቀመጫው ሥር ወጥቶ ተንከባለለ። አንበሳ ሚዛኑን ለመጠበቅ አራት እግሩን ዘረጋ። ጅቦቹ ለቀው ወደ ቀበሮ አዩ። ቀበሮ ወደ መሬት አየ።

ያኔ ከታች፣ ከሁሉ ኋላ፣ ትንኝ የሚያህል ድምፅ ተሰማ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ግን ትንኝም ትሰማለች።

"ጃንሆይ፣" አለች ፍልፈሊት፣ "በአዲሱ ደንብ የነቀለ ሁለት ነጥብ ያገኛል። በድሮው ደንብ ደግሞ የነቀለ ተነቀለ። የትኛውን እንያዝ?"

አንበሳ አፉን ከፈተ። በጨዋታ አይቆጣም ጌታ ያስባለው እሱ ነውና ዘጋው። መዳፉን ቡቃያው ላይ አነሣ፤ ቢነቅለው የሚቆምበት የለም፤ ቢተወውም የሚቀመጥበት አይኖርም።

እንስሳቱ ከፀሐዩ አልተነሡም። የድሮውን ጨዋታ ጥቁርና ነጭ ጠጠር በየመዳፋቸው ጨብጠው፣ የንጉሡን መዳፍ እያዩ ይጠብቃሉ። መዳፉ እስከ ዛሬ እንደተነሣ ነው። ሥሩ ግን መልስ አይጠብቅም።